ዘገየ፦ ስም ነው ግስ?

ኅዳር ፲፭፣ ዘመነ ማቴዎስ። ሠርክ።

እግሬ ተልጧል። ዛሬ ወሰን ዞርን፤ ነገም እንዞራለን። ጾመ ነቢያት ገባ። ባይገባም ያው ነበር፤ መንደሩ ከተቃጠለ ወዲህ ቅቤ ያየ ሰው የለም። ለመንገድ ከያዝኩት ቆሎ እኩሌታውን ለቄሱ ሰጠሁ። አሁን ሆዴ ሲጮኽ ይቆጨኛል።

ብራናዬ፣ አንቺ ከቤተ ክርስቲያኑ ቃጠሎ የተረፍሽ ቁራጭ ነሽ። ጠባብ ነሽ፣ ቀለሜም እያለቀ ነው። ስለዚህ ሚስቴን ትርንጎን «ት.» እያልኩ እጽፋታለሁ። ብትሰማ ትስቅብኛለች። ፊደል አታውቅም፣ መሳቅ ግን ታውቅ ነበር።

የዞርነው ስለዚህ ነው። የንጉሡ ወታደር መንደሩን ካቃጠለብን በኋላ በቆላና በጣራ ገዳም ጫካ ስንንከራተት፣ ከወንዝ ማዶ ያሉት፣ ማዶኞቹ፣ እያረሱ እያረሱ ወደ መሬታችን ገቡ። ተመልሰን ብንጮህ የአዲሱ ገዥ ምስለኔ ከደብረ ታቦር መጥቶ ፈረደ። ወሰናችሁን ዙሩ፣ ምልክቱን ሁሉ በስሙ ጥሩልኝ፣ ስም የሌለው መሬት ባለቤት የለውም አለ። ታኅሣሥ ሳይገባ ይለቅ ብሏል። ስሙን የሚያውቁት ሽማግሎች ግን በቆላ ንዳድ አልቀዋል። እንግዲህ እየዞርን አዲስ ስም ልናወጣ ነው። እንደ አዳም። አዳም ግን ያን ጊዜ ጠግቦ ነበር።

የመንደሩ ጭቃ ሹም አያ ይመር ይመራሉ። ቄስ ወልዴ መስቀል ይዘዋል። አለሙ የሚባለው፣ ከመድፍ ጎተታ የተመለሰው፣ የወሰን ድንጋይ ይተክላል። እኔ እጽፋለሁ። ሴቶቹ ከኋላ ይከተላሉ፣ ት. ከእነሱ ጋር ናት። ጓሉም አለ። ጓሉ የት. የእህት ልጅ ነው፤ አባቱ ከማዶ ስለሆነ ግን ለማዶኞቹ ቆሞ ይሰማል።

ከቀትር በፊት ታችኛው ምንጭ ደረስን። የድሮ ስሙን የሚያውቅ ጠፋ። አንዱ ሲጀምር ሌላው ያቋርጠዋል። ጓሉ ራቅ ብሎ ይስቃል። ኋላ ከሴቶቹ አንዷ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ስንሸሽ ልጇን ውድነሽን ምጥ የያዛት እዚህ ነው። እዚሁ ሞተች፤ ሕፃኑም አልተረፈም። አያ ይመር ውሃውን በእጃቸው ዘገኑና፣ «የውድነሽ ምንጭ» አሉ። ቄሱ ባረኩ። አለሙ ድንጋይ ተከለ። ጓሉ መሳቁን ተወ።

ከዚያ ሕግ ወጣ። ምልክቱ ሁሉ እዚያ በሞተ፣ ወይም መሬቱ የእሱ በነበረ ሙት ስም ይጠራ። በቁም ሰው ስም አይሆንም። ይህን ያለው ጓሉ ነው። በቁሙ ያለ ሁሉ ስሙን በየኮረብታው ከለጠፈ ወሰን መሆኑ ቀርቶ ፉከራ ይሆናል አለ። አያ ይመርም መሬትን በቁም ሰው ስም መጥራት ሟርት ነው ብለው ተስማሙ። እኔም ጻፍኩ። ያን ጊዜ ምንም አልታየኝም።

ኅዳር ፲፮። ሠርክ።

ዛሬ ብዙ ስም አወጣን። ብዙ ሙት አለን።

ትልቁን ጥቁር ድንጋይ የአያ ገብሬ ድንጋይ አልነው። ወታደሩ ሲመጣ አልሸሽም ብለው እዚያ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ናቸው። ከመንደሩ ሰው ሁሉ ጋር ተጣልተው የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ከእኔም ጋር በአንዲት ዶሮ ተጣልተናል። ዛሬ ሁሉም ድንጋዩን ተሳለመ። እኔም ተሳለምኩ፤ ዶሮዋ ግን የእኔ ነበረች።

ገደሉ የብሩ ገደል ተባለ። ሌሊት ላሙን ሲነዳ ከነላሙ የገባበት ነው። ከላይ ሆነን ስናይ የላሟ ቀንድ ይታያል።

ሾላው ዘንድ ስንደርስ ሁለት እናቶች ተጣሉ። የሁለቱም ልጆች ከስሩ ተቀብረዋል። አንዷ የእኔ ቀድሞ ሞተ ትላለች፣ ሌላይቱ ዛፉን የተከለው የእኔ አባት ነው ትላለች። ፀጉር ለፀጉር ሊያያዙ ደረሱ። ቄስ ወልዴ መካከል ገብተው ነጠላቸው ተቀደደ። ኋላ ግንዱ ሁለት ቦታ ስለሚከፈል ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ ክፋይ ሰጧቸው። ምስለኔው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አላውቅም። እናቶቹ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ እኛም ቆመን ጠበቅን።

ቄሱ በክርስትና ስማቸው እንጥራ፣ ጸሎትም ይሆናል ብለው ነበር። አያ ይመር፣ «አባ፣ እግዜር በክርስትና ስም ያውቃቸዋል። ምስለኔው ግን በየት አባቱ ያውቃል?» አሉ። በዓለም ስማቸው ቀረ።

ስንመለስ ት. ዱላዬን ተቀበለችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ፣ «እግርዎን ልጠብልዎ» አለችኝ። ከተጋባን ጀምሮ አንቱ እንዳለችኝ ናት። መምህር ስለሆንኩ ነው፤ ለመልኬ ብላማ አትለኝም።

ኅዳር ፲፯። ነግህ።

ውርጭ። ቀለሙን በእስትንፋሴ እያሞቅሁ ነው። ሰዎቹ እስኪሰበሰቡ ልጻፍልሽ፣ ብራናዬ። እስካሁን የሸሸሁት ነገር አለ። በሁለት ቀን ውስጥ አፋፉ ላይ እንደርሳለንና ከእንግዲህ መሸሽ አይቻልም።

ዘገየ አንድ ልጃችን ነው። ብዙ ዓመት ቆይቶ ስለመጣ ት. ናት ዘገየ ያለችው። አምና በጥቅምት ትልቁን መድፍ ሊጎትቱ ከደብረ ታቦር ወንድ ሁሉ ሲነዳ እሱም ተነዳ። አፋፉ ላይ ቆመን ነጠላ አውለበለብንለት። ከንጉሡ ሞት በኋላ አንዳንዱ ተመለሰ፤ የብዙዎቹም መርዶ መጣ። የዘገየ መርዶ አልመጣም። እሱም አልመጣም።

አለሙ በሰኔ ዝናብ ወደተጠለልንበት ጫካ መጣ። ት. ሮጣ ልጄስ? አለችው። አለሙ ከመድፉ ወዲህ ምላሱ ይያዝበታል። «ዘገየ…» አለ። ከዚያ በፊት ምንም፣ ከዚያም በኋላ ምንም አልወጣውም። ት. እልልታውን አቀለጠችው። መንገድ ላይ ነው፣ ዘግይቷል ማለቱ መስሏት። እልል ያለችን እናት ማን ደፍሮ ያቋርጣታል? አለሙ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ልጃችን ሲጠይቃት «ዘገየ» ትላለች። ስሙን ነው ወሬውን የሚለይ የለም።

እኔ የቅኔ መምህር ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪን በጨንገር ይዤ «ስም ነው ግስ?» ስል ኖሬ አንዲት ቃል መፍታት አቃተኝ። ግስ ከሆነ ልጄ እየመጣ ነው። ስም ከሆነ ደግሞ ነገሩ ገና አላለቀም፤ የሚከተለው ግስ ይታወቃል። አለሙን ልጠይቀው ስንት ጊዜ ተነሥቼ ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ።

እየጠሩኝ ነው።

ኅዳር ፲፱። ሠርክ።

አፋፉ ላይ ደረስን።

ነፋስ ከጉና ይወርዳል፣ ዓይን ያስለቅሳል፤ ደግ ሆነ፣ ማንም ማንን አላወቀበትም። ወደ ጋይንት የሚሄደው መንገድ ከዚህ ወለል ብሎ ይታያል። ከስሩ ያለው የገብስ መሬት የት. ርስት ነው፣ ከአባቷ የወረደ። እኔ ከጎጃም የመጣሁ ሰው ነኝ፤ በዚህ አገር ከመቃብሬ በቀር መሬት የለኝም።

አያ ይመር በአባቷ ስም ይጠራ አሉ። ጓሉ ይህችን ሲጠብቅ ኖሯል። ይጠራ፣ አባቷ የእኔም አያት ናቸው፣ የልጅ ልጃቸው ነኝ አለ። እንዲያ ከሆነ እኩሌታው ወደ ማዶኞቹ ሄደ ማለት ነው። እናቱ ድርሻዋን በወንዙ ዳር ወስዳለች፤ የመሰከሩት ሰዎች ግን አንድ እንኳ አልተረፉም። ያንን ጓሉ ያውቃል። እኛም ማወቁን እናውቃለን። ምን ይደረግ።

ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው «የዘገየ አፋፍ» አለ።

ማን እንደሆነ አላየሁም። ሁሉም መሬት መሬት አየ። አያ ይመር ክንዴን ይዘው ገለል አደረጉኝ። መርጌታ፣ ወራሹ እሱ ብቻ ነው፣ በእሱ ስም ከተጠራ ጓሉ እጁን የሚያስገባበት የለም አሉኝ። በለሆሳስ ነው ያሉት፣ እንደ በሽተኛ። ልጄን ሙት በል ማለታቸው ነው። በሙት ስም ብቻ ብለን ሕግ አውጥተን የለ? እኔው ጽፌው የለ? አፋፉ የዘገየ ከተባለ ነገ ፍትሐት ይነበብለታል፣ ተዝካሩ ይወጣል፣ ደጅ ደጁን ማየት ይቀራል።

ጮህኩ። ያልኩትን እዚህ አልደግመውም። በግዕዝ የተሳደብኩም ይመስለኛል፣ ቄሱ አማተቡ።

ድንጋዩ ሳይተከል ወረድን። ት. ግን ወዲያው አልወረደችም። ዞሬ ሳይ ቆማ መንገዱን ታያለች።

ኅዳር ፳። ተሰዓት።

ማንም ደህና አደሩ አላለኝም። አልፈርድባቸውም። ዘንድሮ አጥቢያው ከዘራው ገብስ የሚበዛው ያ አፋፍ ስር ነው። ማዶኞቹ ከወሰዱት እስከ ፋሲካ የሚደርስ እህል የለም። ሰሞኑን ከሾላው ስር ካለቀሱት እናቶች አንዷ በደጄ ስታልፍ፣ የቀረ ቀርቷል መርጌታ፣ ያሉትን አያስርቡ አለች። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

አለሙ እንጨት ተሸክሞ መጣ። እኔ አላዘዝኩትም። አወረደውና ቁጭ አለ። ትከሻውን የመድፉ ገመድ በልቶታል፤ ወንዛዬ ፍል ውሃ ከርሞም አልዳነለት። ት. ወንዝ ወርዳ ነበር። እሱም መናገር ጀመረ። እያንዳንዷን ቃል እንደ እንጨት እየፈለጠ ነው የሚያወጣት። እኔ ደግሞ ተማሪ ሲንተባተብ አፉን ቀድሜ መሙላት ልማዴ ነው። ዛሬ ምላሴን ነክሼ ቆየሁ።

በበሽሎ ቁልቁለት ዘገየን ንዳድ ያዘው። ገመዱ ትከሻው ላይ እንዳለ ወደቀ። አለቃቸው ፈትታችሁ ቀጥሉ አለ። አለሙ ዋንዛ ስር ጎትቶ አስተኛው፣ በቅል ውሃ አስጠጋለት፣ የራሱን ኩታ አለበሰው። ዘገየ ዓይኑ ክፍት ነበር። «አለሙ» ብሎ ጠርቶታል። አለሙ ግን ገመዱን ይዞ ሄደ። ሲመለስ በሌላ መንገድ ተመለሰ፤ ያንን ዋንዛ ማየት ፈራ።

ሞቶ ነበር ወይ? አልኩት። የለም ሲል ራሱን ነቀነቀ። ሞቷል? አልኩት። አላውቅም ሲል ራሱን ነቀነቀ። በሰኔ ለእናቱ ልትነግራት የነበረው ምን ነበር? አልኩት። ላብ አጠመቀው። «ዘገየ… ን… ጥዬው መጣሁ» አለ።

አንዲት «ን» ናት። ያን ዕለት በምላሱ ላይ የተያዘችው አንዲት «ን»።

ግስ አልነበረም፣ ብራናዬ። ስም ነው። ተማሪ ቢሆን ኖሮ እንዲህ እለው ነበር፦ ስም ነው፣ ግን ባለቤት አይደለም፣ ተሳቢ ነው። ልጄ አልሞተም፣ አልዘገየም። ተጣለ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም አላየም።

አለሙን ልመታው እጄን አነሣሁ። ትከሻውን ዘረጋልኝ፣ የቆሰለውን። እጄን ራሱ ላይ አሳረፍኩና አብረን አለቀስን።

ኅዳር ፳፩፣ ጽዮን። ከቅዳሴ በኋላ።

ለት. ነገርኳት። መንገድ ለመንገድ ስንሄድ፣ ፊቷን እንዳላይ ቀድሜ እየሄድኩ። ዋንዛውን፣ ውሃውን፣ ኩታውን፣ «ን»ዋን። ስጨርስ ከኋላዬ የሚሰማው የእግሯ ኮቴ እንዳለ ነው። አልቆመም። ዞርኩ።

ታውቀዋለች። በሰኔ፣ እልል ባለች በሦስተኛው ቀን አለሙን ጫካ ውስጥ ይዛ እስኪጨርስ ጠብቃዋለች። ከእኔ ይልቅ ትዕግሥት አላት። ይህን ሁሉ ወር እኔ ስም ነው ግስ ነው ስል አጠገቤ ተኝታ ታውቀው ነበር! ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮህኩባት፣ የጽዮን ዕለት፣ በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ላይ።

«ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ መርጌታ» አለች። «ፍቺውን ለእኔ ይተዉልኝ።»

ቅኔ ቤቴ ውስጥ እንዲህ ያለ መልስ የሰጠኝ ተማሪ የለም። ተናድጄ ነው የምጽፈው። እየኮራሁም ነው። እየራበኝም ነው።

ኅዳር ፳፫። ቀትር።

አያ ይመር ደግመው መጡ። ምስለኔው በ፳፱ አፋፉ ላይ ይገኛል። ያን ቀን ስም ካልተጠራ ለማዶ ይፈርዳል። ሽማግሌው ለመኑኝ፤ በእኔ ፊት ቆመው ሲለምኑ አፈርኩ፣ እሺ ማለት ግን አልቻልኩም። ዋንዛ ስር ዓይኑ ክፍት የነበረን ልጅ እንዴት ሙት ልበል? ጓሉን ለምኜ እንደሆነም ጠየቁኝ። ለምኛለሁ። እኔም ልጆች አሉኝ አለ። እውነቱን ነው፣ አሉት፤ የእሱም ከስተዋል።

እንደወጡ ት. እንዝርቷን አስቀመጠች። ከጣራ ገዳም ለጽዮን የመጡት መነኩሴ ገና እንዳሉ ነገረችኝ። አውቃለሁ አልኩ። ቆብ ልደፋ ነው አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። እርጅና መጣ፣ ጸሎት አማራት ብዬ ነው። ቀስ ብላ አስረዳችኝ፣ እኔን፣ መምህሩን። ቆብ የሚደፋ ሰው ለዓለም ሙት ነው። በመግነዝ ይሸፈናል፣ የሙት ፍትሐት ይነበብለታል፣ የዓለም ስሙ ይቀራል። ጓሉን፣ ምክንያቱን ሳልነግረው፣ ምስለኔውን ጠይቅልኝ ብዬው በራሱ አፍ አረጋግጦልኛል አለች፤ መነኩሴ በዳኛ ፊት እንደ ሙት ነው። መሬቱ ደግሞ የእሷ ነው። በእሷ ስም ከተጠራ የሚወርደው ለልጇ ብቻ ነው፣ ለእህቷ ልጅ አይደርስም። ልጇም በሕይወት እንዳለ ይቆያል። እስኪመጣ አጥቢያው ያርስለታል።

«ሙት ካስፈለጋቸው እኔ አለሁ» አለች።

እንዝርቱን ረግጬ ሰበርኩት። ብራናዬ፣ እንዝርት ሰበርኩ። እሷ ስብርባሪውን ለቅማ እሳት ላይ አደረገችው። ያለ ባል ፈቃድ አይሆንም ብለውኛል አለች። እንግዲያው አይሆንም አልኩ።

ኅዳር ፳፬። ሠለስት።

ቄስ ወልዴ ዘንድ ሄድኩ። እኔ ልመንኩስ አልኳቸው። ደስ ይለኛል አሉ፤ ነገር ግን መርጌታ፣ አፋፉን በጎጃሜ ስም ብንጠራው ምስለኔው ይስቅብናል፣ መሬቱ የእርስዎ አይደለም አሉ። ልክ ናቸው። በዚህ ጉዳይ ላይ ሞቴም አይጠቅም።

ከእንግዲህ ባልና ሚስት አይደለንም ወይ ብዬ የማውቀውን ጠየቅኋቸው። ወንድምና እህት ትሆናላችሁ አሉ። በአንድ ግቢ መኖር ይቻላል፣ በአንድ አልጋ አይደለም፣ በአንድ ገበታም ባይሆን ይሻላል። ሲናገሩ የተቀደደውን ነጠላቸውን ይሰፋሉ። በመርፌያቸው ቀናሁ። የሚሰፉት ነገር አላቸው።

ኅዳር ፳፮። ሠርክ።

ት. አትለምነኝም። ብትለምነኝ እምቢ ማለት ይቀለኝ ነበር። ቀሚሷን ቢጫ ነክራ አጥር ላይ አሰጣችው። ፈቃድ ሳትቀበል! ሄጄ ላወርደው ነካሁት፤ እርጥብ ነው፣ እጄ ቢጫ ሆነ። ይህን የምጽፈውም በዚያው እጅ ነው።

ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ሳሰላስል ዋልኩ። ዘገየ ቢመጣስ? ይመጣል አላልኩም፤ ቢመጣ። ፍትሐቱ ተነቦ፣ ተዝካሩ ተበልቶ፣ አፋፉ በስሙ ተጠርቶ ቢያገኝ በየት በኩል ወደ ቤቱ ይገባል? ሙት ከደጅ ሲጣራ የሚከፍት አለ? እናቱ ግን ቆብ ብትደፋ፣ አለች ወይ ይላል፣ አለች እለዋለሁ። ይህን ማለት እችላለሁ።

ባይመጣስ? ባይመጣ ሁለቱንም አጣሁ። ይህንንም አስቤዋለሁ።

ፈቅጃለሁ አልኳት። ውሃ እየቀዳችልኝ ነበር። ማድጋዋን ሳታወርድ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ፣ ሥጋ እንደሰጠኋት ሁሉ። ከዚያ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች። ሳትሰማኝ አለቀስኩ፤ እሷም ሳልሰማት ያለቀሰች ይመስለኛል። ለሠርጋችን እንዲህ አልፈራሁም ነበር።

ኅዳር ፳፱። ሠርክ።

አለቀ።

ነግህ ላይ በሣር ዳሱ ቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ተነጠፈ። ተኛች። መግነዙን አለበሷት፣ ፊቷም ተሸፈነ። መርጌታው እኔ ነኝ፤ የሙት ዜማ የሚመራ ሌላ ሰው በአጥቢያው የለም። መራሁ። በቁሟ ያለች ሚስቴን ሸኘኋት። መግነዙ አፏ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ ነው። አንድ ቦታ ላይ ዜማው ጠፋብኝ፤ ማንም አላረመኝም። ሾላው ስር የተጣሉት እናቶች ጎን ለጎን ቆመው ደረታቸውን ይመታሉ። አለሙ ከበር ውጭ ተደፍቷል።

ተነሣች። ቆቡን ደፉላት። ወለተ ጽዮን አሏት።

ሁላችንም ወደ አፋፉ ወጣን። ምስለኔው በበቅሎ ቀድሞን ደርሷል፤ ብርዱ አስመርሮታል። አያ ይመር «የትርንጎ አፋፍ» ብለው ጮኹ። ዛሬ ስሟን ሙሉ ጻፍኩት፤ ከእንግዲህ የእሷ አይደለምና ብቆጥብ አይረባም። ትርንጎ። ትርንጎ። ሙት ናት? አለ ምስለኔው። ቄስ ወልዴ ለዓለም ሙት ናት አሉ። ቢጫ ለብሳ ከፊቱ ቆማለች። አያት። ወደ ጓሉ ዞረ። ጓሉ ቆቧን አየና ማል ሳይባል ሙት ናት አለ። መጥቶ ጉልበቷን ሳመ፤ አክስቱ ናት። አለሙ ድንጋዩን ተከለ።

ጊዜ ሲያልፍ የሚመጡ ሰዎች እዚህ ትርንጎ ይበቅል ነበር ይላሉ። በዚህ ውርጭ! ይበሉ።

ገብሱ ተረፈ። ሲወርዱ ሰዎቹ እየተሳሳቁ ነበር። አልጠላኋቸውም። እስከ ፋሲካ ይበላሉ፣ እኔም እበላለሁ።

አሁን ቤት ነኝ። መካከሉ በደንገል ተከልሏል፤ አለሙ ነው የሠራው። እሷ ደጅ ቆማለች፣ ወደ መንገዱ። ውርጩ ወርዷል፣ ነጠላዋ ስስ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ግቢ እንጂ፣ ይበርድሻል» ብዬ እጮህ ነበር። አሁን እንዲያ አይባልም። እማሆይ ናቸው። አንቺ አይባሉም። ይህን ሁሉ ዓመት እሷ አንቱ ስትለኝ ከብዷት ያውቅ እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።

ለልጅ የማስተምረው ነገር ነው። ግቢ፣ ይግቡ። ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ አፌን ከፍቼ ተመለስኩ። እንደ አለሙ ምላሴ ተያዘ።

እማሆይ፣ ይበርድዎታል፣ ይግቡ። ስጽፈው ይቻላል። እንግዲህ ተነሥቼ በአፌ ልበለው።